የጎደለችው «ም»

እንኳንም አለፈ! ዛሬ እየሳቅኩ የማወራችሁ ስላለፈ ነው። ያን ዕለት መንገድ ላይ ብታገኙኝ እንኳን ልስቅ፣ ስሜን ብትጠይቁኝም በቅጡ የምመልስላችሁ አይመስለኝም።

ጥፋቱ የተጠነሰሰው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአለንጋ የታጀበች አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። «ስሙ እናንተ! ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ፊት ከቆመ ጥያቄ ነው። ከኋላ ከቆመ ጥያቄ አይደለም። አለቀ!» ይሉን ነበር። «አይ ሃቭ» ከተባለ «አለኝ» ነው፤ «ሃቭ አይ» ከተባለ «አለኝ ወይ?» ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ትምህርት ረሳሁ መሰላችሁ! ይቺ ሕግ ግን ንቅንቅ አላለችም። አለንጋ ያስገባውን ማን ያወጣዋል?

እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ወረቀት ጋር ስለምውል ሀና ማርያም ሰፈራችን ውስጥ እንግሊዝኛ በተነሳ ቁጥር የእኔ ስም ይነሳል። የመድኃኒት ብልቃጥ የያዘ፣ የልብስ ማጠቢያ መመሪያ የያዘ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ደብዳቤ የያዘ ሁሉ በሬን ያንኳኳል። እኔም አላሳፍርም። የመድኃኒቱ ጽሑፍ ካልገባኝ «ከምግብ በኋላ» እላለሁ፤ እስካሁን ከምግብ በኋላ ወስዶ የተጣላኝ የለም። የማታምንብኝ ባለቤቴ አስቴር ብቻ ናት። «ያንተ እንግሊዝኛ ለኮንቴይነር እንጂ ለሰው አይሆንም» ትለኛለች። በቅናት ይመስለኝ ነበር።

ወተት የምንገዛው ከጎረቤታችን ከጋሽ ገመቹ ነው። ጋሽ ገመቹ ሰፈሩ ጤፍ ይበቅልበት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሰው ናቸው። ዙሪያቸውን ፎቅና ቪላ ሲከባቸው እሳቸው ሦስት ላሞቻቸውን ይዘው መሃል ላይ ቀሩ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ትልቋን የዳሩለት ሰው እጁ የማያርፍ ሆነና ልጅቷ በተዳረች በሦስተኛ ዓመቷ የፊት ጥርሷን አጥታ አባቷ ቤት ተመለሰች። ያን ቀን ጋሽ ገመቹ በረት ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይናገሩ ጀመር፤ «ድሃ ይሁን፣ ባዕድ ይሁን፣ ግድ የለኝም። እጁን የሚያነሳ ከሆነ ግን ሌንሴን አልሰጥም።»

ሌንሴ ትንሿ ልጃቸው ናት። ጀሞ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነች፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትዘምራለች። እዚያው መዘምራን መሃል ኮፊ ከሚባል የውሃ መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። ኮፊ የጋና ልጅ ነው። ጋሽ ገመቹ ስሙን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት «ቡና ብለው ነው ስም ያወጡለት?» አሉ። አይደለም፣ ዓርብ የተወለደ ማለት ነው ብላ አስረዳቻቸው። «ታዲያ ዓርብ አይሉትም?» አሉና ተዉት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሌንሴ ወተቱን ራሷ ይዛ መጣች። አብዛኛውን ጊዜ የምታመጣው እናቷ ስለሆነች ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጋሼ፣ የኮፊ አጎት ለሽምግልና ከአገሩ ሊመጣ ነው» አለችኝ። «አንዱ ሽማግሌ እሱ ነው፤ ሁለተኛው ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ሦስተኛው አንተ ሁንልኝ። አስተርጓሚም ትሆናለህ።»

«ብቻ ይሄ ነው? አሁኑኑም ከሆነ ልነሳ!» አልኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት እኔን ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ታውቀዋለህ። ሌላው ቢሳሳት ግድ የለም። እሷን ብቻ በደንብ ተርጉምልኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ደግሞ ደረቴን እየነፋሁ «እሱን ለእኔ ተዪው» አልኳት። አስቴር ከወጥ ቤት ሆና ስታስል ሰማኋት።

እናንተ ደግሞ «ለምን ኮፊ ራሱ አይተረጉምም? ለምን ሌንሴ ራሷ አትተረጉምም?» ትሉኝ ይሆናል። ሽምግልና እኮ ነው! ሙሽራው ደጁን አይረግጥም፤ ልጅቷም ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ጓዳ ሆና ማድመጥ ነው ዕጣዋ። ስለዚህ በዚያ ቤት በሁለቱም ቋንቋ የሚሰማ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ከበሩ ኋላ ናት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችን ተገናኘን። ጋሽ ኤርጫፎ የሆሳዕና ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ለማያውቁትም ነገር «አሜን» አይነፍጉም። አጎትየው ሚስተር አሳንቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ ርዕሰ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው ናቸው። ጋቢ የሚያህል ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ አጣፍተው አንዱን ትከሻቸውን ገልጠውታል። ጋሽ ኤርጫፎ በጆሮዬ «ብርድ አይመታቸውም?» አሉኝ። ሲናገሩ ደግሞ ቃል በቃል፣ ቆም እያሉ፣ ሰው እንዲጽፈው የሚፈልጉ ይመስል ነው። በልቤ «እንዲህ ያለውማ ተኝቼም እተረጉመዋለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ አልነበረም። መቼም ሽማግሌ «ቁጭ በሉ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማማ አንቀመጥም» ብሎ መግደርደር ደንቡ ነው። ጋሽ ገመቹ በእጃቸው ወደ ሶፋው ሲያመለክቱ ሚስተር አሳንቴ አመስግነው ዘፍ አሉ። እኔና ጋሽ ኤርጫፎ እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ ቆመን ቀረን። የጋሽ ገመቹ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅነሽ፣ ምላሳቸውን አገር የሚያውቀው፣ «አንደኛው ጉዳያቸው ተሰምቶላቸዋል መሰለኝ» አሉ። ትልቋ ልጅ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣለች። እናትና ሌንሴ ጓዳ ናቸው።

ሚስተር አሳንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ኔቨር» አሉ። ከዚያ ዝም።

እስቲ ፍረዱኝ። አማርኛ እኮ ግሱን መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ሰውዬው ዳረም ይሁን ገደለ፣ መጣም ይሁን አልመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩ ካላለቀ አይታወቅም። እሳቸው ግን አንዲቷን ቃል ወርውረው እኔን ያያሉ። ሁሉም እኔን ያያል። «በፍጹም!» አልኩ።

«በፍጹም ምን?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ገና ሳንጠይቅ?»

ሚስተር አሳንቴ ቀጠሉ፤ «ሃቭ ዊ ክሮስድ ሶ ሜኒ ስካይስ ዊዝ ሶ ላይት ኤ ሃርት!» «ሃቭ ዊ!» ስትባል የስድስተኛ ክፍል አለንጋዬ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ፊት ቆሟል፤ ጥያቄ ነው! አለቀ!

«በቀላል ልብ ይህን ያህል ሰማይ ተሻግረን እናውቃለን ወይ? ብለው ይጠይቃሉ» አልኩ። እንዲህ ደስ ብሎን ይህን ያህል ሰማይ ተሻግረን አናውቅም ማለታቸው እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው።

ጋሽ ገመቹ እንግዳ አክባሪ ናቸውና ጥያቄውን በቁም ነገር ያዙት። አገጫቸውን አሻሹ። «እኛ እንኳ ከቢሾፍቱ አልፈን አናውቅም። እሳቸው ያውቁ እንደሆነ ይንገሩን» አሉ። እኔም ይህንኑ አስተላለፍኩ። ሚስተር አሳንቴ ጥቂት ግራ ገባቸው፤ ግን ጨዋ ሰው ስለሆኑ ስለ ቢሾፍቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ኤርጫፎ «አሜን» አሉ።

«ሴልደም» አሉ ቀጥለው፤ «ዳዝ ዋን ሚት ሳች ኤ ፋሚሊ!» እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው ማለታቸው ነበር፤ የማይገኝ ሙገሳ ነው። እኔ ግን «ዳዝ ዋን» የምትለዋን ሰምቼ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል። «እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይገኛል ወይ? ይላሉ» አልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እንዲህ ያለ ማለት ምን ያለ ነው? ምን ጎድሎብን አዩ?»

በዚህ ጊዜ ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ወለል ላይ ወድቆ ጯ! አለ። የደረት ኪሴ ውስጥ ደግሞ ስልኬ ነዘረች። ሽማግሌ ሆኖ ስልክ ማየት ነውር ነውና ዝም አልኳት። ክዳኑንም መስተንግዶ እያዘጋጁ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ዶሮ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ ውሸት ምን ይሠራል።

ሚስተር አሳንቴ ኮፊ ልጅቷን እንዴት እንደሚንከባከብ ወደ መንገር ገቡ። ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ሹድ ሺ ፎል ሲክ» አሉ። አሁን ደግሞ ሁለተኛዋ ትምህርቴ መጣች። ሹድ ማለት አለበት ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? «ሂ ዊል ካሪ ሄር ኦን ሂዝ ባክ።» ከታመመች በጀርባው ይሸከማታል ማለታቸው ነበር።

«መታመም አለባት» አልኩ ኮስተር ብዬ። «በጀርባው ይሸከማታል።»

ጋሽ ገመቹ ሚስተር አሳንቴን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ለምንድን ነው መታመም ያለባት?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «አገራቸው ደንቡ ነው?»

እዚህ ላይ «ይቅርታ፣ እንደገና ልጠይቃቸው» ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። እኔ ግን የሰፈሩ እንግሊዝኛ ነኝ፤ እንግሊዝኛ እንዴት ይቅርታ ይጠይቃል? «አገሩ ቆላ ስለሆነ ነው» አልኩ። «ወባ አለ። አንዴ መታመም አይቀርም፤ ከዚያ ትለምደዋለች።»

ጓዳ ውስጥ አሁን የወደቀው ክዳን ብቻ አልነበረም፤ ድስቱም ጭምር ነው። ስልኬ ነዘረች፤ ነዘረች፤ ነዘረች። ጋሽ ኤርጫፎ «አሜን» ሊሉ ጀምረው መሃል ላይ ተዉት።

ጋሽ ገመቹ እጃቸውን አነሱ። «ይሄ ሁሉ ይቅር» አሉ። «ሰማዩም ይቅር፤ ወባውንም እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃቸው። ይሄ ልጅ ሴት ላይ እጁን አንስቶ ያውቃል?»

ሌንሴ የለመነችኝ ይህቺን ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ጥያቄዋ ቀላል ነበረች፤ በደንብ አድርጌ ተረጎምኳት። ሚስተር አሳንቴ ከሶፋው ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ልባቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጋሽ ገመቹ ላይ ተከሉና «ኖት ዋንስ» አሉ። ቆም አሉ። «ሃዝ ኮፊ ሬይዝድ ሂዝ ሃንድ አጌንስት ኤ ዉማን!»

ቃል በቃል ሄድኩ፤ ኖት ማለት አይደለም፣ ዋንስ ማለት አንዴ። «ሃዝ ኮፊ» ጥያቄ ትመስል ነበር፤ ግን ሰውዬው መልስ እየሰጡ ጥያቄ ሊጠይቁ አይችሉምና ይቺን እንኳ ራሴ አረምኳት። በራሴም ኮራሁ።

«ኮፊ ሴት ላይ እጁን ያነሳው አንዴ አይደለም» አልኩ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሰውዬውን አደነቅኳቸው። «እንዴት ያለ ሐቀኛ ሰው ነው! ስለ ወንድሙ ልጅ እንዲህ በአደባባይ የሚናገር ከየት ይገኛል?» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጋሽ ኤርጫፎ ከልማዳቸው የተነሳ ረጅም «አሜን» አሉ።

ጥጉ ላይ የነበረችው ትልቋ ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከጓዳ ክዳን ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልተሰማም። ያ ዝምታ ከድስቱ ይልቅ አስፈራኝ። ጋሽ ገመቹ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ «ስንት ጊዜ?» አሉ።

«ሃው ሜኒ ታይምስ?» አልኳቸው ሚስተር አሳንቴን።

ሰውዬው ቅንድባቸው ግንባራቸውን አለፈ። «ታይምስ? ኖት ዋንስ፣ ሰር! ኖት ኢቨን ዋንስ! ሂ ሃዝ ኔቨር ሂት ኤኒዋን!»

«ሂ ሃዝ ኔቨር» አሉ። ባለቤቱ ፊት፣ ረዳት ግሱ ኋላ፤ የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ። በሕይወቱ ማንንም መትቶ አያውቅም ነው የሚሉት። ታዲያ ቀድሞ ያሉት ምን ነበር? ያን ጊዜ ገባኝ። አንዴ አይደለም ሳይሆን አንዴም ነበር! አንዴም እጁን አንስቶ አያውቅም! አንዲት «ም» ጥዬ የሰውን ልጅ ዱላ ወዳድ አደረግኩት። እኛ አንዲት ፊደል ጫፉ ላይ ለጥፈን የምንጨርሰውን ነገር እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገሩን ከነግሱ አዙሮ እንደሚለው ማን ነገረኝ? አስተማሪዬ «አለቀ!» አሉኝ እንጂ ይቀጥላል አላሉኝም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ለማሸት ያላሰብኩት ነገር የለም። «ሰውዬው ናቸው የተሳሳቱት» ልበል? «ድሮ ነበር፤ አሁን ትቷል» ልበል? ይሄንን እንኳ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼው ነበር፤ አስቡት እስቲ። ስልኬ እንደገና ነዘረች። ነውሩ ይቅር ብዬ አወጣኋት። ሁሉም መልእክት ከሌንሴ ነው፤ ከበሩ ኋላ የተላከ። «ጋሼ ጥያቄ አይደለም።» «ጋሼ እያመሰገነ ነው።» «ወባ???» የመጨረሻው ደግሞ «አንዴም ነው። አንዴም። ስለ እግዚአብሔር» ይላል።

አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ማፈር ብቻ አይደለም፤ ይቺ ልጅ ወተት ይዛ መጥታ የለመነችኝ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ተንበረከክኩ ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ መቆሙን ትቼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ገመቹ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እንግሊዝኛዬ ለዕቃ ነው፤ ለሰው አይሆንም። ልጁ አንዴም ሴት መትቶ አያውቅም ነው ያሉት። እንዲያውም እስካሁን የጠየቋችሁ ምንም ጥያቄ የለም። ስለ ሰማዩም አልጠየቁም። ወባውም የእኔ ነው።»

«ወባው ያንተ ነው?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«የእኔ ነው፣ እትዬ። ሰውዬው ሲናገሩ ቃሉን ገልብጠው ስለሚናገሩ ነው የተሳሳትኩት።»

ይቺን «ገልብጠው» የምትል ቃል ምን አስወራኝ! እትዬ ወርቅነሽ ከመቀመጫቸው ተስፈነጠሩ። «ቃል ይገለብጣሉ? ሽምግልና መጥተው ቃል ይገለብጣሉ? ዛሬ ቃሉን የገለበጠ ነገ ልጅቷን አይገለብጣትም? ገመቹ፣ ሰምተሃል? ነገር ገልባጭ ናቸው!»

ሚስተር አሳንቴ ሰዉ ለምን እንደሚጮህ ጠየቁኝ። እኔም እያላበኝ፣ የቃላቸው አቀማመጥ ስላልገባኝ ትልቅ ስህተት እንደሠራሁ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ምን ያደርጋል፣ አስተማሪ አስተማሪ ነው! ፊታቸው በራ። «አህ! ኢንቨርዥን!» አሉና ጠረጴዛው ላይ ለእንግዳ የተደረደሩትን ሦስት የለስላሳ ጠርሙሶች ሳቡ። አንዷ ባለቤቱ ናት፤ አንዷ ረዳት ግሱ ናት፤ ሦስተኛዋ «ኔቨር» ናት። «ኔቨር»ን ከኋላ አንስተው ፊት አደረጓት፤ ሌሎቹን ሁለቱን ቦታ አለዋወጧቸው። የልጅቷ ዕጣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሰውዬው ሰዋስው ያስተምራሉ። እኔን ደግሞ ተርጉም አሉኝ።

«በጣም ክብደት ሊሰጡት የፈለጉትን ቃል ፊት ያመጡታል» አልኩ በተዳከመ ድምፅ። «ያኔ ረዳት ግሱ ባለቤቱን ይቀድማል። ጥያቄ ግን አይደለም። ቃሉን ከልባቸው ማለታቸው ነው።»

«የብርቱካኗን ጠርሙስ ለምን ወደዚያ ገፏት?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«እሷ ባለቤቱ ናት፣ እትዬ።»

«የማን ባለቤት?»

ጋሽ ኤርጫፎ ብቻ ትምህርቱን ወደውት ነበር። ራሳቸውን እየነቀነቁ «ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛው ትርጉም የመጣው እንግሊዝኛ ከማያውቀው ሰው ነው።

ጋሽ ገመቹ ጠርሙሶቹን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሚስተር አሳንቴን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አዙረው «ሌንሴ!» ብለው ተጣሩ።

ሁላችንም ደነገጥን። «ኧረ ገመቹ፣ ደንብ አይደለም!» አሉ እህታቸው። «ልጅ ሽማግሌ ፊት ትወጣለች እንዴ?»

«ትልቋን በደንቡ ነው የዳርኳት» አሉ ጋሽ ገመቹ። እትዬ ወርቅነሽ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። እኔ በበኩሌ እሳቸውን ዝም ያሰኘ ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ሌንሴ ወጣች። እጇ እርጥብ ነው፤ ፊቷም እርጥብ ነው። አንገቷን ደፍታ በሩ አጠገብ ቆመች።

«እኚህ ሰው ምን አሉ?» ብለው ጠየቋት።

«አንዴም ሴት ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፣ ነው ያሉት፣ አባዬ።»

«እሱን አሁን ሰማሁት። አጎት ናቸው፤ አጎት ስለ ወንድሙ ልጅ ክፉ አያወራም። እኔ የምጠይቀው አንቺን ነው። ሁለት ዓመት አውቀሽዋል። አንቺ ላይስ?»

ሌንሴ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። «አንዴም» አለች።

«ጮኾብሽስ ያውቃል?»

እዚህ ላይ «አያውቅም» ብትል ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን አሰበች። «አንድ ጊዜ። ጀሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጠብቀኝ ቆይቶ… ማለቴ ሲጠብቀኝ ቆይቶ። ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠይቆኛል» አለች። ከድንጋጤዋ ብዛት እሷም ስታወላግድ ሰምቼ ትንሽ ተጽናናሁ።

ጋሽ ገመቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እሱማ እኔም እናትሽ ላይ ጮኼያለሁ። ላሞቹን ውጭ ረስታ ያደረች ጊዜ» አሉ።

«የረሳኸው አንተ ነህ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ሁሉም ሳቀ። ሚስተር አሳንቴም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ጋሽ ገመቹ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ተነሱና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሁላችንንም በየተራ አይተው ሲያበቁ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል እየመዘኑ «ሰጥቻችኋለሁ፣ ልጄን» አሉ።

ሰማችኋቸው? «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አላሉም። መስጠታቸውን ነው ያስቀደሙት። ግሱን ከመጨረሻ አንስተው ፊት አምጥተው፣ «ልጄን» የምትለዋን ደግሞ ለኋላ አቆይተው፣ ሲደርሱባት ድምፃቸው ተሰበረ። ማንም በጠርሙስ አላስተማራቸውም። እኔም በአማርኛዬ ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬ ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው።

እልልታውን የጀመሩት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ እንዲህ ነው እንግዲህ የሰው ነገር። ትልቋ ልጅ ከደጅ ሮጣ ገብታ እህቷን አንገቷን አቀፈቻት፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ጋሽ ኤርጫፎ በስንት ጊዜያቸው ቦታው የሆነ «አሜን» አሉ። እኔ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ «ተመስገን፣ ተመስገን» እላለሁ። እንዲያ ያለ እፎይታ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም።

ሚስተር አሳንቴ ጎንበስ ብለው እጅጌዬን ሳቡኝ። «ዋት ዲድ ሂ ሴይ?» አሉኝ።

እልልታው ቆመ። ጋሽ ገመቹ አዩኝ፤ እትዬ ወርቅነሽ አዩኝ፤ ሌንሴ ከእህቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ ትንፋሿን ይዛ አየችኝ። እናቷ እንኳ ማማሰያዋን እንደያዘች በበሩ ብቅ አለች። ሚስተር አሳንቴ ይጠብቃሉ። ከየትኛው ቃል እንደምጀምር አሰብኩ፤ የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሚሆን አሰብኩ።

«የስ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።